የኢሜይል ማጣሪያ ደንቦች መታደስ ሲያቆሙ ጉድለቱ የት እንደሚፈለግ

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ በኢሜይል ሰርቨር ላይ ተቀምጦ አይፈለጌ መልእክትን ከደኅናው ደብዳቤ የሚለየው ማጣሪያ፣ ደንቦቹን በየቀኑ በራሱ ማደስ ሲገባው ሳያድስ የቀረ እንደ ሆነ፣ ጉድለቱ በየት በኩል እንደሚፈለግ ነው። ነገሩ ለኮምፒዩተር ተማሪዎች ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። ይሁን እንጂ በኢሜይል ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ በዚህ ማጣሪያ ፍርድ ሥር ነው።

ጥናቱን እንድጀምር ያደረገኝ በአንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ከማጀቴ አብሮኝ የመጣ ልጅ ሲሆን በሌላ ተቋም ይማራል። በውጭ አገር ለሚሰጥ የትምህርት ዕድል አመልክቶ መልሱን በተቋሙ የኢሜይል አድራሻ ይጠብቅ ነበር። ሁለት ወር ጠብቆ ምንም ሲያጣ፣ «አልፈለጉኝም» ብሎ ተወው። በኋላ በስልክ ቢጠይቅ፣ የመቀበያው ደብዳቤ ከተላከ እንደ ቆየ፣ እርሱም በቀነ ገደቡ መልስ ስላልሰጠ ቦታው ለሌላ ሰው እንዳለፈ ነገሩት። ደብዳቤው መጥቶ ነበር። ማጣሪያው ግን ወደ አይፈለጌው ሣጥን ከተተው፤ ሣጥኑም 30 ቀን የሞላውን ሁሉ ስለሚያጠፋ በዚያው ጠፋ። የተቋሙን ስም መጥራት ለነገሩ ስለማይረዳ ትቼዋለሁ። የሰርቨሩ ኃላፊ ግን ቅን ሰው ስለ ነበሩ፣ በክረምቱ ዕረፍት አጠገባቸው ተቀምጬ ነገሩን ከሥሩ እንድመረምር ፈቀዱልኝ።

በእኛ አገር፣ በማጀቴና በይፋት ቆላ፣ ውኃን ከወንዝ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳ ማውረድ የቆየ ሥራ ነው። ውኃው ከማሳው የቀረበት ገበሬ ማሳው ላይ ቆሞ አፈሩን አይመለከትም፤ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጠለፋው ጀምሮ እየወረደ የቱ ላይ እንደ ተደፈነ፣ የቱ ላይ እንደ ተሰበረ ያያል። አጎቴ ለብዙ ጊዜ የውኃ አባት ነበርና ይህን በልጅነቴ ከኋላው እየሄድሁ አይቻለሁ። በሰርቨሩ ላይ ያደረግነው ፍለጋም ከዚህ ብዙ የተለየ ስላልነበረ፣ የምተርክበትም ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

አስቀድሞ ግን ማጣሪያው ራሱ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ተቋሙ የሚጠቀምበት ስፓምአሳሲን የሚባለው ነው። ይህን ፕሮግራም ጀስቲን ሜሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 አወጣው፤ ከ2004 ወዲህ በአፓቺ የሶፍትዌር ድርጅት ሥር ይገኛል፤ በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። አሠራሩ የፈተና አራሚን ይመስላል። እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲገባ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ትንንሽ ደንቦች ይቀርቡለታል፤ የላኪው ሰርቨር በታወቀ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ካለ ይህን ያህል ነጥብ፣ ርእሱ በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ይህን ያህል፣ የላኪው ማንነት በተገቢው ፊርማ ከተረጋገጠ ደግሞ ነጥብ ይቀነስለታል። ድምሩ 5 ከደረሰ ደብዳቤው አይፈለጌ ነው ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። 5 የሚለው ቁጥር ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣ ሲሆን የሰርቨሩ ባለቤት ሊቀይረው ይችላል። ይህን ቁጥር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ደንብ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ለምን መታደስ አስፈለገው? የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ አጭበርባሪው ዘዴውን ይለውጣል። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ አጭበርባሪው ምንም ሳይለውጥ፣ ጊዜ በማለፉ ብቻ ደንቡ ራሱ ስሕተት ይሆናል። ለዚህ ታላቅ ምሳሌ የሚሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 የደረሰው ነው። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ደብዳቤያቸው ከሁሉ በላይ እንዲታይ በማለት የወደፊት ቀን እየጻፉ ይልኩ ስለ ነበር፣ ከስፓምአሳሲን ደንቦች አንዱ እጅግ የራቀ ቀን በተጻፈበት ደብዳቤ ላይ ነጥብ ይጨምር ነበር። ደንቡን የጻፈው ሰው «የራቀ» ያለው ከ2010 እስከ 2099 ያለውን ዓመት ነበር። ያ ቀን ሲደርስ በዓለም ላይ የተላከ ደብዳቤ ሁሉ ከወደፊት ዘመን የመጣ ተብሎ፣ እንደ ማጣሪያው አቋም ከ2 እስከ 3 ተኩል የሚደርስ ነጥብ ተጫነበት። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ታኅሣሥ 23 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር፤ በኢትዮጵያ ዘመን የሚቈጥር ማጣሪያ ቢኖር ኖሮ መከራው የሚደርስበት ገና ከ7 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ነበር ማለት ነው። ኢሜይል ግን የሚቈጥረው በአውሮፓ ዘመን ነው። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ ስሕተቱን አንድ ሰው አስቀድሞ አይቶ በፕሮግራሙ ምንጭ ላይ አርሞት ነበር፤ እርማቱ ግን ለሰርቨሮች በሚታደልበት መስመር ሳይወጣ ቀርቶ ነበር። በዚያው ቀን ወጣ። የማደሻው መስመር በደኅና የሚሠራለት ሰርቨር ወዲያው ዳነ፤ መስመሩ የተበላሸበት ግን ሰው እስኪነቃለት ድረስ ደኅናውን ደብዳቤ ሲቀጣ ቈየ።

አሁን ወደ መስመሩ እንሂድ። ደንቦችን የሚያመጣው ኤስኤ-አፕዴት የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው በዲኤንኤስ፣ ማለት የኮምፒዩተሮችን ስም ወደ ቁጥር በሚተረጉመው መዝገብ ነው። የማጣሪያውን እትም ቁጥር ገልብጦ ከፊት ያስቀምጥና፣ ለምሳሌ እትሙ 3.4.6 ከሆነ 6.4.3 ብሎ፣ ከኋላው የስፓምአሳሲንን የማደሻ አድራሻ ጨምሮ ይጠይቃል። መልሱ አንድ ረጅም ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው የደንብ ስብስብ ቁጥር ማለት ነው። ይህ ቁጥር በሰርቨሩ ማኅደር ውስጥ ካለው ጋር እኩል ከሆነ ሥራው በዚያው ያበቃል። ካልሆነ ቅጂ ከሚያስቀምጡት የተለያዩ ሰርቨሮች አንዱን መርጦ ስብስቡን ያወርዳል፤ በመንገድ አለመበላሸቱን በቼክሰም ይመረምራል፤ በእውነት ከአዘጋጆቹ የመጣ መሆኑን በጂፒጂ ፊርማ ያረጋግጣል፤ አዲሶቹ ደንቦች የአጻጻፍ ስሕተት የሌለባቸው መሆኑን ይፈትሻል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ በማኅደሩ ያኖራቸዋል። በመጨረሻ ማጣሪያው ተነሥቶ አዲሱን ደንብ እንዲያነብ ማድረግ የሌላ ሠራተኛ ተግባር ነው። በእነዚህ በሮች ሁሉ ላይ መዘጋት ይቻላል፤ በየትኛውም ቢዘጋ ደግሞ ማጣሪያው አይጮኽም። በአሮጌው ደንብ ሥራውን ይቀጥላል። የጉድለቱ ክፋት ይኸው ዝምታው ነው።

ኃላፊው በመጀመሪያው ቀን ማጣሪያው ደኅና መሆኑን ሊያሳዩኝ ፈለጉ። ጂቲዩብ የሚባል፣ ለሙከራ ተብሎ የተዘጋጀ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፤ ይህ ያለበት ደብዳቤ 1000 ነጥብ ይሰጠዋል። ልከው አሳዩኝ፤ በእርግጥም ተያዘ። እኔም ለጊዜው አመንሁ። ነገር ግን ይህ ሙከራ የሚያረጋግጠው ማጣሪያው በሕይወት መኖሩን ብቻ ነው፤ ደንቡ የትናንት ይሁን የዛሬ አምስት ዓመት፣ ጂቲዩብ ሁልጊዜ ይያዛል። ስለ ደንቡ ዕድሜ የሚናገረው ማኅደሩ ነው። ማኅደሩን ከፍተን የፋይሎቹን ቀን ስናይ የመጨረሻው የካቲት 2012 ዓ.ም. ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ከጠለፋው ጀመርን። የመጀመሪያው ጥያቄ ማደሻውን በየቀኑ የሚቀሰቅሰው ሰዓት መኖሩ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የ3.4 እትሞች ሲተከሉ ዕለታዊው እድሳት ተዘግቶ ይመጣ ስለ ነበር፣ አንድ ዜሮ ወደ አንድ ካልተለወጠ ሰርቨሩ ዕድሜውን ሙሉ አያድስም። በእኛ ጉዳይ ይህ ተደርጎ ነበር፤ የገዛ እጃቸውን የክሮን ትእዛዝ ጽፈው ነበርና። እዚህ ላይ ትንሽ የሚያስቅ ነገር አገኘን። ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ አስበው 8 ብለው ጽፈዋል። ክሮን ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቈጥር 8 ማለት ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ መስመሩን የሚያጨናንቅበት ሰዓት። ይህ ብቻውን ጉዳት አላደረሰም። ቢሆንም ሰዓትን በሁለት መንገድ ለሚቈጥር አገር ሰው ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ሌላው በአገራችን የሚታሰበው መብራት ነው፤ ክሮን በተወሰነው ደቂቃ ሰርቨሩ ጠፍቶ ከነበረ ሥራውን ይዘልለዋል እንጂ በኋላ አይክሰውም። ያለፈውን ሥራ አስታውሶ መብራት ሲመጣ የሚያከናውነው አናክሮን የሚባለው ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ እርሱን መጠቀም ይሻላል።

ሁለተኛው በር የእትሙ ዕድሜ ሲሆን ዋናው መደፈኛ የተገኘው በዚህ ነው። ሰርቨሩ ላይ የነበረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የወጣው 3.4.0 ነበር። የዚያን ጊዜው ማደሻ የወረደውን ስብስብ ይመረምር የነበረው ኤስኤችኤ-1 በሚባለው የቼክሰም ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ በሰው እጅ ሊታለል እንደሚችል ስለ ተረጋገጠ፣ የስፓምአሳሲን አዘጋጆች ከማርች 1 ቀን 2020 (የካቲት 22 ቀን 2012 ዓ.ም.) ጀምሮ በዚህ ዘዴ የተመሰከረ ደንብ ማውጣታቸውን አቆሙ። በ2018 የወጣው 3.4.2 እና ከእርሱ በኋላ ያሉት እትሞች የበለጠ ጠንካራ የሆኑትን ኤስኤችኤ-256 እና ኤስኤችኤ-512 ያነብባሉ፤ ከእርሱ በፊት ያለ ሰርቨር ግን በመጨረሻው ደንብ ላይ ቆሞ ቀረ። የማኅደሩ ቀንና ይህ ቀን ሲገጣጠሙ ማየት ለእኔ የጥናቱ ጥሩ ሰዓት ነበር። ለምን ማንም አላየውም ለሚለው ጥያቄ ዘመኑን ማሰብ ይበቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ ሰው ደብዳቤው መግባቱን እንጂ የማጣሪያው ደንብ መታደሱን የሚጠይቅበት ልብ አልነበረውም። በነገራችን ላይ፣ ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ የዕለቱን ሰዓት ሳይጠብቁ ማደሻውን መጀመሪያ በእጅ ማስነሣት ይገባል፤ የተከማቸው ደብዳቤ አሮጌውን ደንብ ሊቀድመው ይጎርፋልና።

ማጣሪያውን ወደ አዲስ እትም ከፍ አደረግነው። አዲሱ እትም በራሱ ቁጥር የተሰየመ ሌላ ማኅደር ይፈልጋል፤ ያም ባዶ ነበር። ከ3.3.0 ወዲህ አዘጋጆቹ ፕሮግራሙን ያለ ደንብ ስለሚሰጡ፣ ማደሻው አንድ ጊዜ እስኪሠራ ድረስ «ደንብ አልተገኘም» ብሎ ማጣሪያው አይነሣም። በእጅ አስነሣነው፤ ደንቡ ወረደ፤ ተደሰትን። ከአራት ቀን በኋላ ኃላፊው ደውለው፣ «በእጄ ስጽፈው ይሠራል፤ በራሱ ግን አንድም ቀን አላደሰም» አሉኝ።

ይህ ሦስተኛው በር ነው፤ ለጀማሪም ከሁሉ የሚያደናግረው እርሱ ይመስለኛል። በተቋሙ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ፕሮክሲ ተተክሏል፤ ወደ ውጭ የሚወጣ የድረ ገጽ ጥያቄ ሁሉ በእርሱ በኩል ማለፍ አለበት። ኃላፊው ወደ ሰርቨሩ ሲገቡ የመግቢያ ፋይላቸው የፕሮክሲውን አድራሻ ይነግርላቸዋል፤ ስለዚህ በእጅ የተጻፈ ትእዛዝ መንገዱን ያውቃል። ክሮን ግን ያንን ፋይል አያነብም። መንገዱን ሳያውቅ ይወጣና ከፋየርዎሉ ጋር ይጋጫል። የዲኤንኤሱ ጥያቄ በሌላ መስመር ስለሚሄድ ያልፋል፤ አዲስ ቁጥር መኖሩን ያውቃል፤ ስብስቡን ግን ሊያወርድ አይችልም። የውኃው ድምፅ እየተሰማ ማሳው ይደርቃል ማለት ነው። መድኃኒቱ የፕሮክሲውን አድራሻ በክሮን ትእዛዙ ውስጥ ራሱ መጻፍ ነው፤ አንድ መስመር ነበር።

የፊርማውን በር ፈጥኜ ልለፈው፤ በእኛ ዘንድ ደኅና ነበርና። ሁለት ነገር ብቻ ላስታውስ። የአዘጋጆቹ የጂፒጂ ቁልፍ ከማኅደሩ ከጠፋ፣ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን ቁልፍ መልሶ ማስገባት ይቻላል። የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ የእናት ቦርዱ ባትሪ ሞቶ መብራት ሲጠፋ፣ ፊርማው ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት መስሎ ይታየውና አይቀበለውም። ፊርማ አልቀበል ሲል ፍተሻውን ጨርሶ ማጥፋት የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ያልተፈረመ ደንብ መቀበል የሁሉንም ሰው ደብዳቤ የሚዳኝ ሥልጣን ለማይታወቅ ሰው መስጠት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስለ ዝምታው ነው። ኤስኤ-አፕዴት ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ይመልሳል። 0 ማለት አዲስ ደንብ መጥቶ በደኅና ተቀመጠ ማለት ነው። 1 ማለት አዲስ ነገር የለም ማለት ነው፤ ይህም ስሕተት አይደለም። 2 በሰርቨሩ ባለቤት የማስጀመሪያ ፋይሎች ላይ የአጻጻፍ ወይም የተጨማሪ ክፍል ጉድለት መኖሩን፣ 3 አንዱ መስመር ተሳክቶ ሌላው መቅረቱን፣ 4 እና ከዚያ በላይ ምንም አለመውረዱን ይናገራል። በብዙ ፕሮግራሞች ዘንድ ከ0 በቀር ያለው ሁሉ ውድቀት ስለ ሆነ፣ የተቋሙን ትእዛዝ መጀመሪያ የጻፈው ሰው 0 ያልሆነውን ሁሉ «አልተሳካም» ብሎ ለኃላፊው እንዲልክ አድርጎት ነበር። አዲስ ደንብ በየቀኑ ስለማይወጣ፣ ምንም ጉዳት በሌለበት ቀን ሁሉ «አልተሳካም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንድ ወር የሚያነብ ሰው የለም። ኃላፊው ሰልችቷቸው የትእዛዙን ቃል ሁሉ ወደ ዴቭ ነል፣ ማለት የገባበት ወደማይወጣው ጕድጓድ፣ እንዲፈስ አደረጉት። እውነተኛው ውድቀት በመጣ ጊዜ የሚናገርበት አፍ አልነበረውም።

የመጨረሻው በር ማጣሪያው ራሱ ነው። ደንቡ በዲስክ ላይ ቢታደስም፣ በማስታወሻው ይዞ የሚሠራው ሲነሣ ያነበበውን ነው፤ ስለዚህ እድሳቱ 0 በመለሰ ቁጥር ማጣሪያው እንደ ገና መነሣት አለበት። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰርቨሮች ስፓምአሳሲንን የሚጠሩት አማቪስ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ሲሆን፣ አማቪስ ደንቡን በራሱ ውስጥ ይጭነዋል። በዚያ ጊዜ የሚነሣው አማቪስ እንጂ ስፓምዲ የሚባለው አገልጋይ አይደለም። ስፓምዲን በየቀኑ በትጋት የሚያስነሣ፣ አማቪስን ግን የማይነካ ሰርቨር ቢገኝ አይደንቅም፤ ያየነውም ይኸው ነበር።

ሁሉም በር ተከፍቶ ውኃው የማይመጣበት ጊዜም አለ፤ ወንዙ ራሱ ሲደርቅ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 አዘጋጆቹ የሥራ ሰርቨሮቻቸውን ሲያዛውሩ ለብዙ ወራት አዲስ ደንብ ሳይወጣ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የራስን ቦይ ከመቆፈር በፊት በሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ምን ቁጥር እንደ ያዘ መጠየቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደዚያ 5 ቁጥር ልመለስ። ደንቡ ማርጀቱን ማንም ባያውቅም፣ ውጤቱን ሰው ሁሉ ያይ ነበር፤ የሎተሪ፣ የውርስ፣ የሐሰት ባንክ ደብዳቤ ወደ መምህራኑ ሣጥን ይጎርፍ ጀመር። አቤቱታ በዛ። ኃላፊው ያላቸው መሣሪያ አንድ መሰላቸውና የማለፊያውን ድንበር ከ5 ወደ 3 አወረዱት። ጎርፉ በረደ፤ ምስጋናም አገኙ። ግን 5 የሚለው ድንበር የተመረጠው ነጥቦቹ ሁሉ በእርሱ ልክ ስለ ተመዘኑ ነው። ድንበሩ 3 ሲሆን፣ ከውጭ አገር የመጣ፣ ስለ ገንዘብ ድጋፍ የሚናገር፣ «በዚህ ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ» የሚል፣ ማያያዣ ያለበት ደብዳቤ አጭበርባሪ ለመምሰል ብዙ አይቀረውም። የትምህርት ዕድል ደብዳቤ ደግሞ ይህን ሁሉ ነው። የወዳጄ ደብዳቤ የተሰጠው ነጥብ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ተጽፎ አገኘነው፤ 3.4 ነበር።

ድንበሩን ወደ 5 መለስነው። የ«አልተሳካም» ደብዳቤ ለ2 እና ከዚያ በላይ ለሆነው ቁጥር ብቻ እንዲላክ፣ የትእዛዙም ቃል በሎግ እንዲጻፍ ሆነ። በዚያ ላይ የማኅደሩ ቀን 14 ቀን ካለፈው ለብቻው የሚያስጠነቅቅ ሦስት መስመር ጽሑፍ ጨመርሁ፤ ከየትኛውም በር የመጣ ጉድለት ቢሆን በመጨረሻ የሚታየው በማኅደሩ ዕድሜ ላይ ነውና። በነጋታው ጠዋት ሎጉን ስንከፍት ማደሻው 1 መልሷል። ኃላፊው ስላላመኑ የዲኤንኤሱን ቁጥር በእጃቸው ጠየቁና በማኅደሩ ውስጥ ካለው ጋር አኃዝ ባኃዝ አስተያዩት። እኩል ነበር። ወዳጄ በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ያመለክታል፤ አድራሻውን ግን ቀይሯል።